በአርዲቦ ሐይቅ የዓሣ መረብን በቤት ስለ ማደስና ልኩን ስለ ማስተካከል

ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለ ይዞታዎች የቀረበ ትምህርት

ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን በደጁ እንዲያበጅ፣ ዓሣ አስጋሪም መረቡን በደጁ ይሠራል፤ ሲቀደድም በደጁ ያድሰዋል። ይህ ሥራ ለአላፊ አግዳሚው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የአርዲቦ ዓሣ እንዲበዛ ወይም እንዲያልቅ የሚያደርገው በአብዛኛው ይኸው የደጅ ሥራ ነው። ሹም ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ የተጠመደውን ዓሣ ቢቈጥር ያለፈውን ይቈጥራል፤ መረቡ የታሰረበትን ልክ እንጨት ቢመለከት ግን የሚመጣውን ዓመት ያያል። ስለዚህ መረብ በቤት እንዴት እንደሚታደስ፣ ልኩም ከዓሣው ጋር እንዴት እንደሚስማማ፣ ከሹማምንትም በዚህ ነገር ምን እንደሚጠበቅ በየተራው እናስረዳለን።

1ኛ፤ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣዎቹ

አርዲቦ በደቡብ ወሎ በተራሮች መካከል የሚገኝ ሐይቅ ነው። የውኃው ፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። በስተ ሰሜን ምዕራብ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ትልቁ ሐይቅ፣ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። የአርዲቦ ትርፍ ውኃ በአንከርካ ወንዝ ወደዚያ ይወርዳል፤ ታችኛው ሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ስለ ሆነም በላይኛው የሚደረገውን ነገር የታችኛው ባለ ይዞታ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

በአርዲቦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይጠመዳሉ። ቆሮሶ ወደ ታችኛው ሐይቅ የገባው በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የግብርና ሚኒስቴር ከሌላ ውኃ አምጥቶ በጨመረው ጊዜ ነው። ይህን የምናነሣው ስለ አንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በሰው እጅ የገባ ሀብት በሰው እጅ ሊወጣ መቻሉ ነው።

የቆሮሶን ጠባይ ማወቅ ለመረብ ሠሪው ይጠቅማል። ወንዱ ጥልቅ ባልሆነው ውኃ ውስጥ መሬቱን ቈፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዛለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ጥቂት ጊዜ በአፏ ውስጥ ይጠበቃሉ። እንግዲህ ይህች ዓሣ በዳር በተተከለ መረብ ስትያዝ የምትጠፋው ብቻዋን አይደለችም፤ በአፏ ያለው ሁሉ ከእርሷ ጋር ይጠፋል። ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወልድ የምትያዘው ትንሽ ዓሣም ለሐይቁ ምንም ሳትተካ ትወጣለች። የገበሬው ቤተ ሰብ በክፉ ቀን የዘሩን እህል ቢበላ በሚመጣው ክረምት ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል፤ የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው።

2ኛ፤ በጦርና በመረብ መካከል ስላለው ልዩነት

ዓሣ የሚያዝበት መሣሪያ ብዙ ዐይነት ነው። በባሕር ዳር ባሉ አገሮች በውኃ ውስጥ ጠልቀው የሚያድኑ ሰዎች በታመቀ አየር ጦር የሚወረውር ጠመንጃ አላቸው። በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ በእጅ ፓምፕ አየር ይታመቃል፤ ግፊቱም ከምንተነፍሰው አየር 20 እጥፍ ያህልና ከዚያም በላይ ይሆናል። አዳኙ ጦሩን ወደ ውስጥ ሲገፋ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዶ በቃታው ይያዛል፤ ቃታው ሲሳብ የታመቀው አየር ፒስተኑን ገፍቶ ጦሩን ይወረውራል። ባለቤቶቹ ይህን ጠመንጃ በቤታቸው ፈትተው ያለቀውን የጎማ ቀለበት ይለውጣሉ፤ ዘይት ያጠጡታል፤ ጦሩንና ገመዱንም እንደሚያድኑት ዓሣ ዐይነት ያስተካክላሉ። የሥራውም የመጀመሪያ ሕግ አየሩን ሳያወጡ አንድም ብሎን አለመፍታት ነው፤ ይህን ሕግ የናቀ ሰው ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህን መሣሪያ ለአርዲቦ ይገባል ብለን አናቀርበውም፤ ያነሣነው ለንጽጽር ነው። ጦር የሚወረውር ሰው፣ የድሮው የእንጨት ጦርም ቢሆን ይህ የአየር ጠመንጃ፣ ዓሣውን አይቶ ይመርጣል፤ ትንሿን ትቶ ትልቁን ሊወጋ ይችላል። መረብ ግን በሌሊት በጨለማ ውኃ ውስጥ ብቻውን ይቆማል፤ ጌታው ተኝቶ ሳለ እርሱ ይይዛል። የሚመርጠውም ሲታሰር በተሰጠው የዐይኑ ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ጦረኛው በውኃ ውስጥ የሚያደርገውን ምርጫ መረበኛው አስቀድሞ በቤቱ ማድረግ አለበት።

3ኛ፤ ልክን በትክክል ስለ መናገር

የመረብ ዐይን በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ ያለው የአንዱ ጐን ርዝመት ነው። ሁለተኛው ዐይኑ ሁለቱ ጐኖቹ እስኪገጥሙ ድረስ ተወጥሮ፣ ከላይኛው ቋጠሮ መካከል እስከ ታችኛው ቋጠሮ መካከል ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው የፊተኛው እጥፍ ነው።

ይህን ልዩነት ባለማስተዋል የደረሰብኝን ስሕተት ብናገር ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ «የመረብ ዐይን ከ8 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ» የሚል ደብዳቤ ገልብጬ ወደ አስጋሪዎች እንዲደርስ አደረግሁ። ተወጥሮ ይሁን ወይም በአንድ ጐን ደብዳቤው አይናገርም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንዱ አስጋሪ ተወጥሮ 8 አድርጎ አሰረ። ሌላው፣ ትእዛዝ አክባሪ ሰው፣ ጐኑን 8 አድርጎ አሰረ፤ ዐይኑም ተወጥሮ 16 ሆነ። የብዙ ሳምንት ድካሙን ወደ ውኃ ጣለው፤ ዓሣው ሁሉ ሾልኮ አለፈ፤ መረቡም ባዶ ወጣ። ከዚያም በኋላ ይህ ሰው የድሮውን ጠባብ መረብ መልሶ አነሣ፤ ከመንግሥት የመጣ ምክርም ሲነበብለት ፊቱን ያዞር ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የከፈለበት ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ በደብዳቤም ሆነ በቃል ልክ ሲነገር ዘወትር «ተወጥሮ» ወይም «በአንድ ጐን» የሚለው ቃል አይጉደል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የዐይን ልክ ስንል ተወጥሮ የሚለካውን ማለታችን ነው።

4ኛ፤ ልክን ከዓሣው ስለ መውሰድ

ትክክለኛው ልክ ከዓሣው ገላ ይገኛል፤ ሥራውም እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ በመራቢያው ወራት ከተጠመዱት ቆሮሶዎች ሴቶቹን በቁመታቸው መድቦ ሆዳቸውን ሲከፍቱ እንቁላል መያዛቸውን መመልከት። ከየምድቡ ግማሾቹ እንቁላል የያዙበት ቁመት ሲገኝ፣ ያ ቁመት የመውለጃ መጠን ይባላል።

ለ/ ከዚያ ቁመት ጥቂት የሚበልጥ ዓሣ መርጦ፣ በገላው ወፍራም ስፍራ ላይ ክር አዙሮ ዙሪያውን መለካት።

ሐ/ የመረቡ ዐይን ዙሪያ ከዓሣው ዙሪያ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል እንዲሆን ማድረግ። ዓሣው ጭንቅላቱን አስገብቶ ገላው እንዳያልፍ የሚያደርገው ይህ መጠን ነው። የዐይኑ ዙሪያ ለሁለት ሲካፈል ተወጥሮ የሚለካው ልክ ይገኛል።

ለምሳሌ የተመረጠው ዓሣ ዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የዐይኑ ዙሪያ 20፣ ተወጥሮ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዓሣው ዙሪያ 20 ቢሆን የዐይኑ ልክ 8፣ የዓሣው ዙሪያ 30 ቢሆን የዐይኑ ልክ 12 ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ መረብ ትንንሾቹን ያሳልፋል፤ አስጋሪውም በቍጥር ያነሰ ቢይዝ በክብደት የተሻለ ዓሣ ወደ ገበያ ያወጣል።

ይህ ስሌት ገላው ሰፊ ለሆነው ለቆሮሶ የተነገረ ነው። አምባዛ ግን ረጅምና ቅርፊት የሌለው ለስላሳ ስለ ሆነ በመንጠቆ ቢጠመድ ይሻላል። ደግሞም ስሌቱ ቆሞ ለሚጠብቅ መረብ ነው፤ ከዳር ሆነው የሚስቡት ጎታች መረብ በፊቱ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ስለሚያወጣ፣ የዐይኑ መስፋት ብቻውን አያድነውም።

5ኛ፤ ስለ ማሰርና የተቀደደውን ስለ መጠገን

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ክር፣ ክሩ የሚጠመጠምበት የእንጨት መርፌ፣ ልክ እንጨትም ናቸው። ልክ እንጨት ማለት ለስላሳ ተደርጎ የተጠረበ ጠፍጣፋ እንጨት ሲሆን፣ ወርዱ ከዐይኑ ልክ ግማሽ ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር ዐይን ለማሰር ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ 8 ለማሰር 4 ሴንቲ ሜትር ነው።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ክሩ በልክ እንጨቱ ፊት ወርዶ፣ በሥሩ ዞሮ በኋላው ይወጣል፤ መርፌው ከላይ ባለው ዐይን ውስጥ ያልፋል። የላይኛው ዐይን የልክ እንጨቱን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ ክሩ ይሳባል፤ በዚያም በአውራ ጣት ይያዛል። ከዚያ ክሩ ወደ ግራ ተወርውሮ ቀለበት ይሠራል፤ መርፌውም ከላይኛው ዐይን ሁለት እግሮች ኋላ አልፎ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል፤ በኀይልም ይጠበቃል። ናይሎን ክር ስለሚንሸራተት ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይበልጥ ይጸናል።

የተቀደደ መረብ ሲጠገን ቀዳዳውን ዝም ብሎ በክር መሰብሰብ አይገባም፤ እንዲህ የተሰበሰበ መረብ በዚያ ስፍራ ዐይኑ ይጠባል፤ ትንንሽ ዓሣም ይይዛል። ይልቁንም አስቀድሞ የተበጣጠሰው ጫፍ በቢላዋ ይጸዳል። እያንዳንዱ ቋጠሮ አራት እግር አለው፤ ጥገናው የሚጀመረው ከአራቱ አንዱ ተቈርጦ ሦስት እግር በቀረው ከላይ ባለ ቋጠሮ ነው፤ የሚፈጸመውም እንዲሁ ሦስት እግር በቀረው ከታች ባለ ቋጠሮ ነው። በመካከሉ ያለው በዚያው በልክ እንጨቱ እየተለካ ይሞላል። የዘብዴዎስ ልጆች በገሊላ ባሕር ዳር ከአባታቸው ጋር በታንኳ ተቀምጠው መረባቸውን ሲያበጁ እንደ ተጠሩ የወንጌል አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ሥራው የዚያን ያህል የቈየና የተከበረ ነው።

6ኛ፤ መረቡን ከገመድ ጋር ስለ ማያያዝ

የታሰረ መረብ በላይና በታች ገመድ ካልተሰፋ በቀር አይቆምም። መረቡ ከገመዱ ይልቅ ረጅም ሆኖ ተሸብሽቦ መሰፋት አለበት፤ ተወጥሮ ከተሰፋ ዐይኑ ይዘጋልና። የተለመደው ልክ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ተወጥሮ 100 ሜትር የሆነ መረብ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ይሰፋል። ዐይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ገመድ አራት አራት ዐይን ይውላል ማለት ነው።

በዚህ አሰፋፍ የመረቡ ቁመት ተወጥሮ ከነበረው ይቀንሳል። ወደ ታች 20 ዐይን ያለው መረብ ተወጥሮ 2 ሜትር ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ግን 1 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። ገመዱ ከዚህ አብዝቶ ቢያጥር መረቡ ይላላል፤ ዓሣውንም በዐይኑ ልክ መምረጡ ቀርቶ በእሾሁና በክንፉ እየጠለፈ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ ይይዛል። እንግዲህ ዐይኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ አሰፋፉ ያጠፋው መረብ ይኖራልና፣ የሚመረምር ሹም ሁለቱንም ይመልከት።

7ኛ፤ ስለ ተንሳፋፊ፣ ስለ ማስመጫና ስለ ጠፋ መረብ

በላይኛው ገመድ ተንሳፋፊ፣ በታችኛው ማስመጫ ይታሰራል። ለተንሳፋፊ ያረጀ ነጠላ ጫማ ተቈርጦ ቢበሳ ያገለግላል፤ ለማስመጫ ድንጋይ ወይም ተበስቶ የተተኰሰ የሸክላ ቀለበት ይበቃል። እርሳስ መርዝነት ስላለው፣ ይልቁንም ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጅ መቅለጥ አይገባውም። ድንጋይ በውኃ ውስጥ ከክብደቱ ሲሶ ያህልና ከዚያም የሚበልጠውን እንደሚያጣ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ በየብስ የከበደ የመሰለ መረብ በሐይቅ ሊንሳፈፍ ይችላል። ወደ ሐይቅ ከመውረድ በፊት ከመረቡ ጥቂቱን በበርሜል ውኃ ውስጥ ጥሎ መፈተን ድካም ያድናል።

በዱሮ ዘመን መረብ ከጥጥና ከተልባ እግር ክር ይሠራ ነበር፤ እንዳይበሰብስም በዛፍ ቅርፊት ይነከር፣ በፀሓይም ይደርቅ ነበር። ናይሎን በ1930ዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአሜሪካ ከተገኘ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በ1957 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያዎች ጉባኤ ሲደረግ፣ ከተነጋገሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሰው ሠራሽ ክር ነበር። ናይሎን አይበሰብስም፤ ብዙ ዘመንም ያገለግላል። ይኸው ጥቅሙ ጉዳትም አለው፤ የጥጥ መረብ ቢጠፋ በውኃ ውስጥ በስብሶ ያልቅ ነበር፤ የናይሎን መረብ ግን ጌታው ካጣው በኋላም ቆሞ ዓሣ ይገድላል፤ ማንም አይበላውም፤ ማንም አይሸጠውም።

ለዚህ መድኀኒቱ ቀላል ነው። ተንሳፋፊዎቹ በላይኛው ገመድ ላይ በጥጥ ክር ይታሰሩ። የጥጡ ክር በየጊዜው መለወጥ ይኖርበታል፤ መረቡ ቢጠፋ ግን ክሩ በስብሶ ተንሳፋፊዎቹ ይለቃሉ፤ መረቡም ወድቆ መሬት ላይ ይተኛል፤ መግደሉም እጅግ ይቀንሳል። እንዲሁም ለእያንዳንዱ መረብ የባለቤቱ ምልክት ያለበት ተንሳፋፊ ቢደረግለት፣ የጠፋው ሲገኝ ለጌታው ይመለሳል።

8ኛ፤ ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚጠበቅ

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል፤ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕጉ በሐይቁ ዳር እንዲሠራ የሚያደርገው ግን የሹሙ ጥበብ ነው። ጠባብ መረብ ያገኘ ሹም ወዲያው ቀምቶ ቢያቃጥል ለጊዜው ሥራ የሠራ ይመስለዋል። መረቡ የተቃጠለበት ድኻ ግን ልጆቹን የሚያበላው ሌላ ነገር ከሌለው፣ በብድር ከቀድሞው የረከሰና የጠበበ መረብ ገዝቶ በሌሊት ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ሹሙ መረቡንም አስጋሪውንም አያያቸውም።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን።

1/ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ ልክ እንጨት፣ ወርዱ ተለክቶና ማኅተም ተደርጎበት ይቀመጥ፤ ማንኛውም አስጋሪ ያለ ክፍያ አምጥቶ ያመሳስልበት።

2/ መረብ ሲመረመር ከነእርጥበቱ አሥር ዐይን በተከታታይ ተወጥሮ ይለካ፤ የተገኘውም ለአሥር ይካፈል። አንድ ዐይን ብቻ ለክቶ መፍረድ አይገባም።

3/ ጠባብ መረብ ላለው ሰው ልኩ ተነግሮት፣ መረቡን እስኪያድስ ድረስ የታወቀ ቀን ይሰጠው። ገመዱ፣ ተንሳፋፊውና ማስመጫው እንደ ገና ስለሚያገለግሉ አዲስ ወጪው የክሩ ብቻ ነው።

4/ መረብ ማሰር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ለወጣቶች እንዲያስተምሩ ይደረግ፤ ሴቶችም በዚህ ሥራ ገቢ ሊያገኙበት ይችላሉ።

5/ በሐይቁ ዳር መሬት ያላቸው ባለ ይዞታዎች እስከ ውኃው ድረስ አያርሱ፤ ቄጠማውንም ጠርገው አያጭዱ። ጫጩቶቹ የሚሸሸጉት በዚያ ነው፤ ከእርሻ የሚታጠበውን አፈርም ወደ ሐይቁ ሳይገባ የሚያስቀረው እርሱ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ የአንድ ልክ እንጨት ወርድ ከ4 ሴንቲ ሜትር ወደ 5 ቢሰፋ ልዩነቱ ከአንድ ጣት ያነሰ ነው። ነገር ግን ያች አንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ ዓሣዎች አንድ ጊዜ ወልደው ከዚያ በኋላ እንዲያዙ ታደርጋለች። አስጋሪው በደጁ ተቀምጦ ሲያስር ልክ እንጨቱ ትክክል ከሆነ፣ ሌሊት በውኃ ላይ ጠባቂ ባይኖርም ሐይቁ ተጠብቆ ያድራል። ስለዚህ ወደ አርዲቦ በምትወርዱበት ቀን ከውኃው በፊት ወደ አስጋሪው ደጅ ጎራ ብላችሁ፣ መረቡን በምን እንደሚለካ እንድትጠይቁት በአክብሮት እንለምናለን።